የብሩ ፈረስ በማን እጅ አለፈ?

ጀውሃ ላይ፣ ከደሴ መንገድ ዳር፣ ሽንኩርት የጫኑት አይሱዙዎች ከሄዱ በኋላ የተደረገ ጨዋታ ነው። ሐጂ በሰንበቴ ገበያ የድሮ ጌጥ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ፣ ሽንኩርትም የሚነግዱ ሰው ናቸው። መምህርቷ ሸዋ ሮቢት ታሪክ ታስተምራለች። ስማቸውን መጻፍ አላስፈለገኝም። እኔ ሻይ ከማዘዝ ያለፈ ድርሻ አልነበረኝም፤ ዝም ማለት ያቃተኝ ቦታ ብቻ በቅንፍ ገብቻለሁ።

መምህርት፦ ሐጂ፣ ይህን ፎቶ እስቲ ይዩልኝ። ስልኩን ጠጋ አድርገው ይያዙት።

ሐጂ፦ ቆይ መነጽሬን ላድርግ። ይሄ እርኮት አይደለም እንዴ? ግመል ላይ የሚንጠለጠለው የውሃ እርኮት? ግን ብር ነው። ማን ነው እርኮት በብር ያሠራ ቅንጡ?

መምህርት፦ ቻይናዎች ናቸው። እነሱም እንደኛ አርብቶ አደር ጎረቤት ነበራቸው፤ ፈረስ የሚጋልብ፣ ውሃውን በቆዳ የሚይዝ። የቆዳውን መያዣ አይተው ቅርጹን በብር አወጡት። ታንግ የሚባሉት ነገሥታት ዘመን ነው፤ 1,200 ዓመት አልፎታል።

ሐጂ፦ ጎኑ ላይ ያለውን ፈረስ አየሽው? ሰርግ ቤት የገባ ነው የሚመስለው። የኋላ እግሮቹን አጥፎ ቁጢጥ ብሏል፣ የፊቶቹን ቀጥ አድርጎ ተክሏል፣ ጭራውን ሽቅብ ነስንሷል። አንገቱ ላይ ጥብጣብ አስረውለታል። አፉ የያዘው ምንድን ነው?

መምህርት፦ ዋንጫ ነው። ፈረሱ እየጨፈረ ነው።

ሐጂ፦ ወርቅ የቀቡት ፈረሱንና እጀታውን ነው፤ ሆዱን ብሩን እንዳለ ትተውታል። ደህና አንጥረኛ ነው። ሁሉንም ወርቅ ቢያለብሰው ፈረሱ ይጠፋበት ነበር። ለመሆኑ ስንት ይመዝናል?

መምህርት፦ ሁልጊዜ ሚዛን! መጀመሪያ ታሪኩን ይስሙ። ሹዋንዞንግ የሚባል ንጉሥ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ712 እስከ 756 የነገሠ። በልደቱ በዓል መቶ ፈረስ በሙዚቃ ያስጨፍር ነበር ይላሉ ጽሑፎቻቸው። ጭፈራው ሲያበቃ ፈረሱ ዋንጫ በአፉ ይዞ ለንጉሡ ያቀርባል። በ755 አን ሉሻን የተባለ የጦር አለቃ አመፀና አገሩ ታመሰ፤ ንጉሡ ሸሸ፤ ፈረሶቹ ተበተኑ። ጥቂቶቹ ዞረው ዞረው አንድ ሌላ ጄኔራል እጅ ገቡ። ጄኔራሉ ምን እንደሆኑ አያውቅም፤ ከጦር ፈረሶች ጋር አንድ በረት አስገባቸው። አንድ ቀን በሠራዊቱ ግብዣ ላይ ሙዚቃ ሲመታ ፈረሶቹ መጨፈር ጀመሩ።

ሐጂ፦ ታዲያ ደስ አላለውም?

መምህርት፦ ባልደራሶቹ ጋኔን ያደረባቸው መሰላቸውና በመጥረጊያ ይደበድቧቸው ጀመር። ፈረሶቹ ደግሞ ምቱን የሳቱ መሰላቸው፤ በተመቱ ቁጥር አሳምረው ጨፈሩ። እንደዚያ እየጨፈሩ ተደብድበው ሞቱ።

ሐጂ፦ ያ ረቢ!

(ሐጂ ሻዩን አስቀመጡት። ይህን ታሪክ በቻይናዎቹ መጽሐፍ ስላለ ብቻ እርግጥ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን የተፈጠረም ቢሆን የፈጠረው ሰው ስለ ተዘረፈ ነገር አንድ ነገር ያውቃል።)

ሐጂ፦ ይሄ እኔም ያየሁት ነገር ነው። ድሪ ሰንበቴ ላይ ከነፍሬው፣ ከነክሩ ይገዛል። ለሙሽራ የተሠራ ነው፤ የትኛው ፍሬ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ ባለቤቷ ታውቃለች። አዲስ አበባ ሲደርስ ይበጠሳል። ፍሬ ፍሬው ተለቅሞ ለቱሪስት ጉትቻ ይሆናል። ገዢው ክፉ ሰው አይደለም፤ ምን እንደያዘ አያውቅም እንጂ። እሺ፣ የብሩ እርኮት በማን በማን እጅ አለፈ?

መምህርት፦ በማንም። ቻይና ውስጥ ሺአን የምትባል ከተማ አለች፤ የድሮ ዋና ከተማቸው ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1970 ሄጂያ የተባለ መንደር ላይ ለግንባታ ሲቆፈር ሁለት ትልልቅ ጋኖችና አንድ የብር ማሰሮ ወጡ። ውስጣቸው ከ1,000 በላይ ዕቃ ነበረ፤ የወርቅና የብር ሳህን፣ ዋንጫ፣ መድኃኒት፣ የፋርስና የቢዛንታይን ገንዘብ ሳይቀር። አንድ ሰው ዘመን ሲከፋበት ቀብሮ ሄደ፤ ሳይመለስ ቀረ። ዕቃው ዛሬ እዚያው ሺአን፣ በሻንሺ የታሪክ ሙዚየም ነው። ከቀባሪው እጅ ወደ ቆፋሪው እጅ፤ መሃል ላይ ማንም የለም።

ሐጂ፦ እድለኛ ብር ነው። ብር እኮ ብዙ አይቆይም ልጄ። ሸክላ ቢሰበር ስባሪው ይቀራል። ብር ግን የቸገረው ያቀልጠዋል፣ ሙሽራ ያላት ያቀልጠዋል፣ ፋሽን ሲለወጥ ያቀልጡታል። ወናፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነፋ አያቴም የሠራው፣ ንጉሥም ያሠራው አንድ ዓይነት ውሃ ነው። የጥንት ብር የተረፈው ወይ የተቀበረ ነው፣ ወይ ሩቅ አገር የሄደ ነው።

መምህርት፦ ሩቅ አገር የሄደውን ነው እኔም የማነሳው። ለጨረታ የሚወጣው የቻይና ብር አብዛኛው እንደዚህ እርኮት የጥንት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ካንቶን፣ ሆንግ ኮንግና ሻንጋይ ውስጥ ለፈረንጅ ገዢ የተሠራ ነው። ዘንዶ እጀታ የሆነበት ማንቆርቆሪያ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ እንስሳ። ሥሩ ላይ የሱቁ ማኅተም አለ። ዋንግ ሂንግ የተባለው ስመ ጥር ሱቅ ሁለት የላቲን ፊደልና 90 የሚል ቁጥር ይመታ ነበር፤ ከመቶ 90 ብር ነው ለማለት።

ሐጂ፦ ብሩን ከየት አመጡት?

መምህርት፦ ይህን እንደሚጠይቁኝ አውቄ ነበር። ከሜክሲኮ ጠገራ። ፈረንጆቹ ሻይና ሐር የሚገዙት በሜክሲኮና በስፔን የብር ገንዘብ ነበር፤ ወደ 27 ግራም የሚመዝን። አንጥረኛው ገንዘቡን አቅልጦ ፈረስና ዘንዶ ይሠራበታል፤ ፈረንጁ ደግሞ ያንኑ ብር የእጅ ዋጋ ጨምሮ መልሶ ይገዛዋል።

ሐጂ፦ (ሳቁ።) ይሄማ የኛ ማርትሬዛ ነው! ቡናና ቆዳ ተሸጦ ማርትሬዛ ይገባል፤ አንጥረኛው አቅልጦ አልቦና አምባር ያደርገዋል፤ ከዚያ ፈረንጁ መጥቶ አልቦውን ይገዛል። ማርትሬዛ 28 ግራም ነው። ከሺህ 833 እጁ ብር ስለሆነ 23 ግራም ከምናምን ንጹሕ ይወጣዋል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲታወጅ ጠገራው ከገበያ ወጣ ተባለ፤ የት ይሄዳል? የሴቱ አንገት ላይ ወጣ። አባቴ ጠገራ ሲገዛ በላዩ የተቀረጸችውን ንግሥት ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በአውራ ጣቱ ይዳብስና ሉሎቹን ይቆጥራል። ዘጠኝ ካልሆኑ አይገዛም።

መምህርት፦ ዓመተ ምሕረቱንስ አያይም ነበር?

ሐጂ፦ ምን ያደርግለታል? ሁሉም 1780 ነው።

መምህርት፦ ይኸው! ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ጣሊያን ሊወረን ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ መታው፤ በማግስቱ ዓመት ለንደን መታው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምቤይ መታው። ሁሉም 1780። የቻይና ነጋዴም ይህን ያውቃል። ሹዋንዴ የተባለው ንጉሥ የገዛው ከ1425 እስከ 1435 ነው፤ የእሱ ማኅተም ያለበት የነሐስ ዕቃ ግን ከሞተ ከ200ና ከ300 ዓመት በኋላም ሲሠራ ነበር። አንዳንዱ ማጭበርበር ነው፣ አንዳንዱ ለቀድሞው ክብር መስጠት ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈው ዓመት ብቻውን አይመሰክርም። የሚመሰክረው ያለፈበት መንገድ ነው።

ሐጂ፦ መንገዱን ማን ይጽፋል?

መምህርት፦ ሻጩ። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ካታሎግ ሲያዩ እንዲህ የሚል ያገኛሉ፦ «ከእንግሊዝ ቤተሰብ ስብስብ፤ በዘር የወረደ።» በቃ። ከአያት በፊት ምን ነበር? አይልም።

ሐጂ፦ በኛም አለ'ኮ። «የአያቴ ነው» ይልሻል። የአያቱስ ከማን ነበር?

መምህርት፦ እንግዲያስ ወደ ቤጂንግ እንሂድ። የቻይና ነገሥታት ከከተማው ወጣ ብሎ ትልቅ የአትክልት ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ዩዋንሚንግዩዋን ይባላል። አንድ ምንጭ ነበረበት፤ ዙሪያውን 12 እንስሳት ተቀምጠው፤ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል እያለ እስከ አሳማ። ራሳቸው ነሐስ ነው። እያንዳንዱ በተራው ሁለት ሁለት ሰዓት ውሃ ይተፋል፤ እኩለ ቀን ሲሆን 12ቱም አንድ ላይ ይተፋሉ። ሰዓት ነው እንግዲህ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤተ መንግሥቱን ዘረፈ፣ እንግሊዞቹ በመጨረሻ አቃጠሉት። የብሩ፣ የሐሩ፣ የሸክላው ብዛት አይነገርም። የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ሰብስቦ ለራሱ መኮንኖች በጨረታ ሸጠ፤ ገንዘቡን ለወታደሩ አከፋፈለ።

ሐጂ፦ ጨረታ? እዚያው?

መምህርት፦ እዚያው። በዚያ የቻይና ዘመቻ የእንግሊዝን 2ኛ ክፍለ ጦር ያዘዘው ሰው ማን ይመስልዎታል? ሮበርት ናፒየር።

ሐጂ፦ የመቅደላው?

መምህርት፦ የመቅደላው። ዓመቱን ደግሞ ይዩ። የቤጂንጉ ቤተ መንግሥት የተቃጠለው በፈረንጅ 1860፤ አፄ ቴዎድሮስ የሞቱት በኛ 1860፣ ሚያዝያ 6።

(ሁለቱ 1860 በአቆጣጠር ልዩነት የተገናኙ ናቸው፤ በመሃላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ሰውዬው ግን ያው ሰው ነው።)

መምህርት፦ ይሄንኑ የደሴ መንገድ ይዘው ወደ ላይ ቢሄዱ መቅደላ ነው። ከአምባው የተዘረፈው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደ። ሚያዝያ 13ና 14 ጨረታ ተደረገ። 5,000 ፓውንድ ገባ፤ ለወታደሩ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 4 ጠገራ ገደማ ደረሰው። ናፒየር ስንቅና ከብት እየገዛ የመጣውም ለዘመቻው ከቪየና ባስመጣው ማርትሬዛ ነው። ሐበሻ ሌላ ገንዘብ አልቀበልም ብሎት።

ሐጂ፦ ስለዚህ አንድ ወታደር ድርሻው 4 ማርትሬዛ! አንድ ደህና አልቦ እንኳ አያሠራም።

መምህርት፦ በጨረታው ዋነኛው ገዢ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ገና አምባው ላይ ሳሉ የአቡኑን ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዝቷል። ገዝቷል፤ ከፍሏል። ሌላም ላሳይዎት። ይህ የእቴጌ ጥሩወርቅ ጌጥ ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት። ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው።

ሐጂ፦ ይህን የእግር ብር አውቀዋለሁ! የሠራውን ሰው አይደለም፤ እጁን። ጥራጥሬውን አንድ ባንድ በትንሽ ሙቀት ነው የሚያጣብቁት፤ ትንሽ ከበዛበት ሁሉም ይቀልጣል። እሷስ?

መምህርት፦ ከጦሩ ጋር ሲወስዷት መንገድ ላይ ሞተች፤ ትግራይ ጨለቆት ተቀበረች። ልጇ ዓለማየሁ 7 ዓመቱ ነበር፤ 18 ሲሆነው እንግሊዝ ሞተ። ሙዚየሙ መዝገብ ላይ ጌጡና ልብሷ እንዴት እንደገባ ተጽፏል። «በ1869 የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ የሰጡት» ይላል።

ሐጂ፦ ሚኒስትሩ ለማን ሚስት አሠርተውት ነበር?

(ይህችን የሐጂን ጥያቄ ብዙ ገጽ ከጻፉ ምሁራን ጽሑፍ ጋር አልለውጣትም።)

መምህርት፦ ሐሰት አይደለም፤ ሰጥቷል። ግን ታሪኩን ከሰጪው ጀመሩት። ከቻይናዎቹ እንስሳት ጋር ያለውም እንደዚሁ ነው። የአይጧና የጥንቸሏ ራስ እ.ኤ.አ. በ2009 ፓሪስ ላይ ለጨረታ ቀረቡ፤ የኢቭ ሳን ሎራን ስብስብ ተብለው። ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ነበር። ቻይና ተቆጣች፤ ጨረታው ግን ተካሄደ። አንድ ቻይናዊ ለእያንዳንዳቸው 14 ሚሊዮን ዩሮ ጠርቶ አሸነፈና አልከፍልም አለ።

ሐጂ፦ (ጭናቸውን መቱ።) ሰንበቴ ላይ ቢሆን ዱላ ይነሣ ነበር!

መምህርት፦ ዕቃው ለሻጩ ተመለሰ። በኋላ የፈረንሳዩ የፒኖ ቤተሰብ ገዝቶ በ2013 ለቻይና በነፃ ሰጠ። የፈረሱን ራስ ደግሞ ስታንሊ ሆ የተባለ የማካው ከበርቴ በ2007 በ69 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገዝቶ ነው የመለሰው። ከ12ቱ 7ቱ ተመልሰዋል።

ሐጂ፦ የራሳቸውን ገዙት ማለት ነው።

መምህርት፦ ገዙት።

ሐጂ፦ እንግዲህ አሁን እኔ ልናገር። አንቺ የምታወሪው በጦር ስለተወሰደው ነው። እሱ ግልጽ ነው፤ ማንም ይፈርደዋል። እኔ የማውቀው ሌላውን ነው። በ77 ድርቅ ሴቶቹ ከላይም ከታችም እየመጡ ድሪያቸውን፣ አልቧቸውን ሚዛን ላይ አስቀመጡ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ጠመንጃ የያዘ የለም። ዋጋ ተነገረ፣ ተስማሙ፣ ገንዘብ ቆጥረው ወደ እህል ተራ ሄዱ። እኔ ያን ቀን ባልገዛ ኖሮ ምን ይበሉ ነበር?

መምህርት፦ እህሉ በዚያ ወር ስንት እጥፍ ሆኖ ነበር? ብሩስ ስንት ወርዶ ነበር?

ሐጂ፦ ሁሉም ሲሸጥ ይወርዳል። ይሄ ገበያ ነው፤ እኔ አላወረድኩትም።

መምህርት፦ አላልኩም። ግን ሆልምስም ከፍያለሁ ነው የሚለው።

ሐጂ፦ ከሆልምስ ጋር አንድ ላይ ልታስቀምጪኝ ነው? እሱ የገዛው ሌባ የሰረቀውን ነው፤ እኔ ከባለቤቷ ነው የገዛሁት። ልዩነት አለው።

መምህርት፦ አለው። በጣም አለው። የኔ ነጥብ ግን ካታሎጉ ላይ ሁለቱም አንድ ሆነው መውጣታቸው ነው። «የኢትዮጵያ የብር ድሪ፣ 20ኛው መቶ ዘመን፣ የግል ስብስብ።» የእርስዎም ንጹሕ ግዢ፣ የሌላውም ዘረፋ በዚያች መስመር ውስጥ ይጠፋሉ። ንጹሑ ሰው መንገዱን ባለመጻፉ ሌባውን ይሸፍነዋል።

ሐጂ፦ … ይቺ ጥሩ ነገር ናት።

(እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኳትም። ረሃብ ጠመንጃ አይደለም፤ ነገር ግን እሱም ዋጋ ቆራጭ ነው፤ የየትኛውም ካታሎግ መስመር ደግሞ ይህን አያነሳም። ሐጂም ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ንግግራቸው ላይ ድምፃቸው ከፍ ያለው ለዚህ ነው።)

ሐጂ፦ እኔ ጋ እስካሁን አንድ ድሪ አለ። ከዚያ ዘመን የቀረ፤ ሳልበጥሰው የቀረ። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ አሁን አርፋለች፤ ልጆቿ አሉ። አንድ የአዲስ አበባ ሰው አየውና ደጋግሞ ይደውልልኛል።

መምህርት፦ ከሸጡት ከወረቀት ጋር ይሽጡት። የሴትዮዋን ስም፣ መንደሯን፣ ዓመቱን፣ ስንት እንደከፈሉ። አንድ ገጽ አይሞላም፤ እኔ እጽፍልዎታለሁ።

ሐጂ፦ ዋጋው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

መምህርት፦ ይጨምራል ይላሉ ሰብሳቢዎች፤ መንገዱ የታወቀ ዕቃ ውድ ነው። ግን ሌላም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ የቀንድ ዋንጫዎችና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ለጨረታ ሊቀርቡ ነበር። ከመቅደላ የመጡ መሆናቸው ተጽፎ ነበር። ያ ስለተጻፈ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አወቀ፣ ጨረታው ይቁም አለ፤ ሸህረዛድ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ገዝቶ መለሳቸው፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ። ሻጩ «የግል ስብስብ» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ሐጂ፦ ታዲያ ስሟን ከጻፍን ልጆቿ አንብበው ቢመጡስ? «የእናታችን ነው» ቢሉኝ?

መምህርት፦ ለዚህ ነው ማንም የማይጽፈው፣ ሐጂ።

ሐጂ፦ እሺ፣ ይምጡ እንበል። ልስጣቸው እንበል። በስንት ነው የምሰጣቸው? በዚያን ጊዜ በገዛሁበት ነው ወይስ በዛሬው የብር ዋጋ?

መምህርት፦ ፒኖ በነፃ ነው የሰጠው።

ሐጂ፦ ፒኖ ሽንኩርት አይነግድም።